የመስቀል ወፍ በጎጃም ደጋ

የአገራችን ሊቃውንት ዘመነ ክረምትን በደመናና በነጎድጓድ ብቻ ሳይሆን በወፍም ጭምር ከፍለው እንደ ሰፈሩት ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 የሚደርሰውን ይህን ዘመን በየንኡስ ክፍሉ ሲለዩ፣ መጀመሪያውን ዘርዕ ደመና፣ ተከታዩን መብረቅ ነጎድጓድ ብለው ከሰየሙ በኋላ፣ ከነሐሴ 10 ጀምሮ እስከ ወሩ መገባደጃ ያለውን ሰሞን ዕጓለ ቋዓት፣ ማለት የቁራ ጫጩቶች ወራት ብለውታል። ምክንያቱንም በትርጓሜ ሲያትቱ፣ የቁራ ጫጩት ከእንቁላሉ ሲወጣ ላባ ስለሌለውና መልኩ እናት አባቱን ስለማይመስል ወላጆቹ ጥለውት እንደሚሸሹ፣ እሱም አፉን ወደ ሰማይ ከፍቶ በጮኸ ጊዜ ፈጣሪ ጥቃቅን ተሐዋስያንን እየላከ እንደሚመግበው፣ ዳዊት በመዝሙሩ ስለ ቁራ ጫጩቶች ከተናገረው ጋር እያስማሙ ያስተምራሉ። የክረምቱ የመጨረሻ ክፍል በበዓለ መስቀል ሲደመደም ግን መጽሐፍ ያልሾመው፣ ሕዝብ በራሱ ፈቃድ የሾመው ሌላ ወፍ ይነሣል፤ እሱም የመስቀል ወፍ ነው።

የመስቀል ወፍ በአማርኛ ተናጋሪ ዘንድ የብርቅነት ምሳሌ ነው። ከዘመድ ወዳጁ ርቆ ከርሞ በዓመት አንድ ጊዜ ብቅ የሚለውን ሰው «የመስቀል ወፍ ሆንክብን እኮ» ይሉታል፤ በዚህ አነጋገር ውስጥ ወቀሳም ናፍቆትም አለበት። ነገር ግን በዚያው አነጋገር ውስጥ አንድ የሥነ ፍጥረት ትምህርት ተሸሽጎ ይኖራል፤ ይኸውም ወፉ አደይ አበባ ሲፈነዳ ከማይታወቅ አገር መጥቶ፣ ደመራው ተቃጥሎ ሜዳው መጠውለግ ሲጀምር ወደ መጣበት የሚመለስ እንግዳ ነው የሚል ነው። ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው ይህንኑ ትምህርት ሲሆን፣ የጎጃም ደጋ ሰው፣ ከውጭም መጥተው ደጋውን የረገጡ ተመራማሪዎች፣ ይህን ወፍ እንዴት እንዳወቁትና እንዴት ሳያውቁት እንዳለፉት ለመተረክ ያስባል። ፍርዴን ከወዲሁ ብናገር ይሻላል፤ የመስቀል ወፍ እንግዳ አይደለም፤ ዓመቱን ሙሉ በደጃችን የሚኖር ጎረቤት ነው፤ ዐሥር ወር ያህል አይተነው የማናውቀው እኛ ነን።

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ስትሆን፣ በስተሰሜን ምሥራቅዋ 4,100 ሜትር የሚደርሰው የጮቄ ተራራ ቆሞ ይታያል፤ ከዚያ የሚመነጨው ጨሞጋም በከተማይቱ አቅራቢያ አልፎ ወደ ዓባይ ይወርዳል። በዚህ ደጋ ላይ ክረምቱ ሲገባ ውሃ የሚተኛበት ጥቁር መሬት ሁሉ ጨፌ ይሆናል፤ በጨፌውም ላይ ሣሩና እንግጫው እስከ ጉልበት ያድጋል። በአዲስ ዓመት ዋዜማ የምሥራቅ ጎጃም ልጃገረዶች ወደዚሁ ጨፌ ወጥተው እንግጫ ይነቅላሉ፤ የነቀሉትንም ይጎነጕኑታል፤ በዕንቍጣጣሽ ጠዋትም በራሳቸው ላይ ያስሩታል፣ በቤቱ ምሰሶና በዕቃው ላይ ያኖሩታል። እነሱ እንግጫውን እየነቀሉ ሲዘፍኑ፣ ከእነሱ ጥቂት ራቅ ብሎ በረጅም ሣር ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ደረቱንና ወገቡን ነፍቶ፣ የበዓል ካባ ደርቦ ከቤተ መቅደስ እንደ ወጣ ካህን ግርማውን የሚያሳየው ትንሽ ወፍ፣ ሁለመናው ጥቁር ሆኖ ትከሻውና ከጅራቱ በላይ ያለው ወገቡ በቢጫ የሚያበራው፣ የጎጃም ደጋ ሰው የመስቀል ወፍ የሚለው እሱ ነው። ቁመቱ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። በሚበርበት ጊዜ ላባውን አንጨፍርሮ ክንፉን በፍጥነት እያርገበገበ ዝግ ብሎ ስለሚሄድ ከሩቅ ያየው ሰው ትልቅ ጥንዚዛ ይመስለዋል፤ ድምፁም ከዜማ ይልቅ ወደ ጥዝታና ወደ ሹክሹክታ ያዘነበለ ነው።

በትምህርት ቤታችን የነበረው የአዕዋፍ ዕውቀት የተጀመረው ከመጽሐፍ ነው። በአክሱም ዘመን ከጽርዕ ወደ ግእዝ ከተመለሱት ጥንታውያን መጻሕፍት አንዱ ፊሳልጎስ ሲሆን፣ ይህ መጽሐፍ የእንስሳትንና የአዕዋፍን ጠባይ እያነሣ፣ ንስር እንዴት እንደሚታደስ፣ ፊንክስ እንዴት ተቃጥሎ እንደሚነሣ እየተረከ፣ እያንዳንዱን ወደ ምሥጢረ ሃይማኖት ይተረጕማል፤ ጀርመናዊው ሊቅ ፍሪትዝ ሆመልም የግእዙን ንባብ በ1877 እ.ኤ.አ. አሳትሞታል። በሥነ ፍጥረት ትምህርት ደግሞ በክንፍ የሚበሩት በዕለተ ሐሙስ ከውሃ እንደ ተገኙ ይነገራል። ከሁሉ ይልቅ በሕዝቡ ልብ የቀረው ግን የቅዱስ ያሬድ ታሪክ ነው፤ በትውፊታችን እንደሚተረከው ከኤዶም ገነት የተላኩ ሦስት አዕዋፍ በሰው አንደበት ተናግረውት፣ ወደ ሰማያዊት ኢየሩሳሌም ተነጥቆ የካህናተ ሰማይን ማሕሌት ሰምቶ በመመለሱ፣ ግእዝ፣ ዕዝልና ዓራራይ የተባሉትን ሦስቱን ዜማዎች ለቤተ ክርስቲያን አስተማረ። ዜማውን ከወፍ አፍ የተቀበለ ሕዝብ ወፍን ሊያከብር ይገባዋል፤ አክብሮታልም። ይሁን እንጂ የመጻሕፍቱ ጥያቄ ወፍ ምንን ያመለክታል የሚል እንጂ፣ ይህ በአጥር ላይ ያረፈው ወፍ የትኛው ነው የሚል ስላልነበረ፣ የጨሞጋ ጨፌ ትንሽ ወፍ በፊሳልጎስ ገጽ ላይ ቦታ አላገኘም።

የሜዳው ዕውቀት የነበረው በሌሎች ዘንድ ነው። ጎጃም የቅኔ አገር ነውና፣ በዋሸራ፣ በዲማ፣ በጎንጅ የተሰበሰበው ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ ከጓደኞቹ ተለይቶ በዛፍ ጥላ ወይም በጨፌ ዳር ብቻውን ተቀምጦ ቅኔውን ይቈጥር ነበር። አፉ ዝም ብሎ ልቡ ሲደክም ዐይኑ የሚያርፈው በፊቱ ባለው ፍጥረት ላይ ነው፤ ስለዚህ ከአገራችን ሰዎች ሁሉ ይልቅ ወፍን በጸጥታ ለመመልከት የተመቸ ኑሮ የነበራቸው እነዚህ የቆሎ ተማሪዎች ይመስሉኛል። ከእነሱም ጋር እረኛው አለ፤ እሱ ጎጆው በየትኛው ሣር መካከል እንደ ተሠራ፣ እንቁላሉ መቼ እንደሚፈለፈል ሳይማር ያውቃል። ሦስተኛው ደግሞ የአዝመራ ጠባቂው ልጅ ነው፤ እህሉ ማሸት ሲጀምር በማማ ላይ ወጥቶ፣ ወንጭፉን እያጮኸ፣ በመንጋ እየመጣ የሚሰፍረውን ቡናማ ወፍ ከንጋት እስከ ምሽት ያባርራል።

እዚህ ላይ አንባቢ ቆም ብሎ እንዲያስብልኝ እፈልጋለሁ። በመስከረም ወር ልጃገረዶች በደስታ የሚያዩት ባለ ቢጫ ትከሻ ወፍና፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ወንድሞቻቸው በወንጭፍ ከማሳው የሚያባርሩት ስም የለሽ ቡናማ ወፍ፣ ሁለቱ አንድ ናቸው። ያው ወፍ በአንዱ ወር የበዓል ብርቅ፣ በሌላው ወር የአዝመራ ጠላት ሆኖ ሲኖር፣ የሁለቱን ወራት ዕውቀት አጋጥሞ አንድነቱን ያወጀ ሰው ሳይገኝ ብዙ ዘመን አለፈ። እረኛው የሚያውቀውን ሊቁ አልጠየቀውም፤ የሊቁ መጽሐፍም ወደ ማማው አልወጣም።

ከውጭ የመጡትም ቢሆኑ ቶሎ አላዩትም። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በኅዳር 4 ቀን 1770 እ.ኤ.አ. ግሽ ዓባይ በደረሰ ጊዜ፣ በእኛ አቈጣጠር ጥቅምት ሊያልቅ የተቃረበበት ወቅት ስለ ነበረ፣ ወፉ የክብር ልብሱን አውልቆ ወይም ለማውለቅ ተዘጋጅቶ ነበር። ብሩስ በ1790 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ታላቅ መጽሐፉ፣ ለዕፀዋትና ለእንስሳት በለየው ክፍል ውስጥ እንደ እርኩም ያሉትን ግዙፍ አዕዋፍ፣ እንዲሁም እስከ ዛሬ በስሙ የሚጠራውን ባለ ቢጫ ሆድ አረንጓዴ እርግብ በሥዕል አስገብቶ ገልጿል፤ የሣሩን ትንሽ ወፍ ግን አላነሣውም። ይህም የሚያስደንቅ አይደለም፤ የወንዝን ምንጭ ሊፈልግ ከሩቅ የመጣ ሰው ዐይኑ የሚያርፈው በትልቁ ላይ ነው።

ለኢትዮጵያ አዕዋፍ ከማንም በላይ የደከመው የፍራንክፈርቱ ተወላጅ ኤድዋርድ ሩፔል ነው። እሱ በ1831 እ.ኤ.አ. ምጽዋ ገብቶ፣ ሰሜንን አቋርጦ፣ ጎንደር ተቀምጦ፣ እስከ ጣና ዙሪያና እስከ ዓባይ ድልድይ ተዘዋውሮ ከተመለሰ በኋላ የሰበሰበው ሁሉ በከተማው ባለው በሰንከንበርግ ቤተ መዘክር ተቀመጠ። የስዊድኑ ሊኔዎስ ይህንኑ ወገን ከደቡብ አፍሪካ ጫፍ በመጣለት ናሙና መነሻነት በ1766 እ.ኤ.አ. በሳይንስ ስም መዝግቦት ነበር፤ ሩፔል ግን የኢትዮጵያው ከደቡቡ የሚለይበት ምልክት እንዳለው አስተውሎ በ1840 እ.ኤ.አ. የራሱን ስም አወጣለት፤ ዛሬም የሳይንስ ሰዎች የደጋችንን ቢጫ የመስቀል ወፍ የሚጠሩት እሱ ባወጣለት ንኡስ ስም ነው። እንግዲህ ወፉ በፍራንክፈርት መዝገብ ሲጻፍ የዛሬዋ ደብረ ማርቆስ፣ የቀድሞዋ መንቆረር፣ ገና ከተማ አልነበረችም፤ ደጃዝማች ተድላ ጓሉ የቈረቈሯት ከዚያ በኋላ ነው፤ የአሁኑንም ስሟን ያገኘችው በ1873 ዓ.ም. ንጉሠ ጎጃም ተብለው ዘውድ በጫኑት በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘመን፣ በቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ምክንያት ነው።

በጎጃም ምድር ላይ ተቀምጦ ወፍን የተመለከተ የመጀመሪያው ሊቅ ብዬ የማስበው ግን ከዚያ ብዙ ዘግይቶ የመጣው ሻለቃ ሮበርት ቺስማን ነው። ይህ ሰው ከ1925 እስከ 1934 እ.ኤ.አ. በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ በዳንግላ ሲኖር፣ የዓባይን ሸለቆና የጣናን ዳርቻ በበቅሎና በእግር እየዞረ ካርታ ከማንሣቱም ሌላ፣ ልቡ ከቀድሞ ጀምሮ የወፍ ወዳጅ ስለ ነበረ፣ በየደረሰበት የአዕዋፍ ናሙና ሰብስቧል። የሰበሰበውንም ከዊልያም ስክሌተር ጋር ሆኖ በ1935 እና በ1936 እ.ኤ.አ. «አይቢስ» በተባለው የእንግሊዝ የአዕዋፍ መጽሔት በተከታታይ አሳተመው፤ ስለ ጣናና ስለ ዓባይ የጻፈው መጽሐፉም በ1936 እ.ኤ.አ. ወጣ። ከመንገደኛው ከብሩስ የሚለየው ነገር ቢኖር ተቀምጦ ማየቱ ነው፤ ክረምቱን ከነጭጋጉ፣ በጋውን ከነአቧራው በአንድ ስፍራ ያሳለፈ ሰው ብቻ ነው የመስቀል ወፍ ልብሱን ሲለብስም ሲያወልቅም ለማየት የሚታደል። ከነጻነት በኋላም ሥራው በአገራችን መዲና ቀጠለ፤ የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር በ1966 እ.ኤ.አ. ተቋቋመ፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው ኤሚል ኧርባንም ከሌስሊ ብራውን ጋር የአገሪቱን አዕዋፍ ዝርዝር በ1971 እ.ኤ.አ. አወጣ።

አሁን ወደ ነገሩ ምሥጢር እንግባ። ወንዱ ወፍ በበጋው ወራት እንስቲቱን መስሎ፣ ቡናማ ላባ ለብሶ፣ ጀርባውና ደረቱ በጠቋቁር ሰረዝ ተዥጐርጕሮ ይኖራል። የክረምቱ ዝናብ ሲገባ አሮጌውን ላባ እያረገፈ፣ በምትኩ ጥቁሩንና ቢጫውን ያበቅላል። ቢጫው ቀለም ወፉ ራሱ የሚፈጥረው ሳይሆን ከሚበላው እህልና ከሌላ ምግቡ የሚያገኘው ስለ ሆነ፣ በደንብ የበላ ወፍ በደንብ ይደምቃል። ክረምቱን የመረጠበትም ምክንያት ግልጽ ነው፤ ጎጆውን የሚሠራው በረጅም ሣር መካከል ነውና ሣሩ ሳያድግ ጎጆው አይሰወርም፤ ጫጩቶቹም በሚፈለፈሉበት ጊዜ ሜዳው በትላትልና ባልጠና የሣር ፍሬ የተሞላ ነው። ወንዱ የጎጆውን ውጭ ከሣር እየገመደ ይሠራል፤ እንስቲቱ ውስጡን ትደለድላለች፣ ከ2 እስከ 4 እንቁላል ትጥላለች፣ ሁለት ሳምንት ያህልም ብቻዋን ትታቀፋለች። ወንዱ ከአንዲት በላይ ለሆኑ እንስቶች ጎጆ ስለሚሠራ፣ ውበቱ ሁሉ፣ መንፋቱም፣ ዝግ ብሎ መብረሩም፣ እንስት ለመሳብና ሌላውን ወንድ ከግዛቱ ለማራቅ ነው።

ይህ ውበት በእውነት ጥቅም እንዳለው በፈተና የታየው ከእኛ ብዙም ሳይርቅ በኬንያ ደጋ ላይ ነው። ስዊድናዊው ማልተ አንደርሰን የመስቀል ወፋችን ወገን የሆነውን፣ በኬንያ የሣር ሜዳ የሚኖረውን ባለ ረጅም ጅራት ወፍ ይዞ፣ የአንዳንዶቹን ጅራት ቈርጦ አሳጠረ፣ የተቈረጠውንም በሌሎቹ ጅራት ላይ ቀጥሎ አስረዘመ፤ ከዚያ በኋላ በየግዛታቸው የተሠሩትን ጎጆዎች ቢቈጥር፣ ጅራታቸው የረዘመላቸው ከሌሎቹ ይልቅ ብዙ እንስቶችን ስበው አገኘ። ውጤቱ በ1982 እ.ኤ.አ. ታትሞ በዓለም ሊቃውንት ዘንድ የታወቀ ሆኗል።

እንግዲህ ወፉ በመስከረም ድንገት የመጣ የሚመስለን ለምንድን ነው? መልሱ ከወፉ ይልቅ በእኛ ኑሮ ውስጥ ያለ ይመስለኛል። እሱ ልብሱን መለወጥ የጀመረው በሐምሌ ጭጋግ፣ ጤፍ በሚዘራበትና ጭቃው እግር በሚይዝበት ወራት ነው፤ ያን ጊዜ ገበሬው ዐይኑ በሞፈሩ ላይ፣ የከተማው ሰው ዐይኑ በደጁ ጎርፍ ላይ ነው። መስከረም ጠብቶ ሰማዩ ሲጠራ፣ ሰው ሁሉ ከቤቱ ወጥቶ ሜዳውን ሲያይ፣ ወፉ ቀድሞ ለብሶ ይጠብቀዋል። የመጣው ወፉ ሳይሆን ፀሐዩ ነው። በኅዳር ደግሞ ልብሱን ሲያወልቅ ሰው ወደ አጨዳውና ወደ አውድማው ፊቱን ስለሚመልስ፣ ሄደ ይላል።

የመስቀል ወፍ ማን ነው ተብሎ ቢጠየቅ የሁሉ መልስ አንድ አይሆንም፤ ይህም ሰው ስለ ተሳሳተ ሳይሆን ስሙ ከአንድ በላይ ለሆኑ አዕዋፍ ስለሚበቃ ነው። ደጋው ላይ፣ በቍጥቋጦና በሣር መካከል፣ ጥቁር ሆኖ ትከሻውና ወገቡ ቢጫ የሆነውን ከላይ ገልጬዋለሁ። ውሃ ወደሚተኛበት ጨፌ ዝቅ ስንል ደግሞ ዘውዱና ጀርባው በሙሉ ቢጫ ሆኖ ፊቱና ሆዱ የጠቆረ፣ ሲበር ተድበልብሎ ንብ የሚመስል ሌላ ወገን አለ። እዚያው እርጥብ ሜዳ ላይ፣ ሰፋ ያለ ጅራት ያለው፣ ሁለመናው ጥቁር ሆኖ በትከሻው ላይ ብቻ የብርቱካን ቅላት የታተመበት ይገኛል። ረጅም ጥቁር ጅራት ያለው፣ ከራሱ አናት እስከ ደረቱ መጀመሪያ በቀይ የተከበበው ደግሞ ሌላ ነው። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ የወረደ ሰው፣ በቆላው ማሽላ አጠገብ እንደ ፍም የቀላ፣ አናቱና ሆዱ ጥቁር የሆነ ወፍ አይቶ የመስቀል ወፍ ቀይ ነው ብሎ ቢከራከር እውነቱን ነው፤ የደጋው ሰውም ቢጫ ነው ቢል እውነቱን ነው። እነዚህ ሁሉ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ ሁሉም በክረምት ይለብሳሉ፣ በበጋ ያወልቃሉ። ቀይ መንቁር ያለው፣ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ከአካሉ የሚረዝም ቀጭን ጅራት የሚያስከትለውን ትንሽ ወፍም በዚሁ ስም የሚጠሩ አሉ፤ እሱ ግን ከሌላ ቤተሰብ የሚወለድ፣ ጎጆ የማይሠራ፣ እንቁላሉን በሌሎች ትናንሽ አዕዋፍ ጎጆ ጥሎ የሚያሳድግ ነው። የቆላውን ማሽላ በደመና መጠን መጥቶ የሚያጠፋውን ግሪሳ ከእነዚህ ጋር የሚያደባልቅ ሰው ካለ፣ ግሪሳ በዘር የሚቀርባቸው ቢሆንም ጠባዩ ሌላ መሆኑን ይወቅልኝ፤ የደጋው የመስቀል ወፍ በእንዲህ ያለ ሠራዊት አይጓዝም።

ከሁሉ የሚከብደው፣ ስለዚህም ከሁሉ የበለጠ ደስታ የሚሰጠው፣ ወፉን ልብሱን ካወለቀ በኋላ መለየት ነው። በደብረ ማርቆስም ሆነ በሌላው የደጋ ከተማ፣ በቤተ ክርስቲያን ዐጸድ፣ በትምህርት ቤት ሜዳና በሕዝብ መናፈሻ ውስጥ ትንሽ ቡናማ ወፍ ሁሉ ድንቢጥ ይባላል። ድንቢጥን በመጀመሪያ በሚገባ እንይ፤ ራሷና ደረቷ ወደ ግራጫ ያደላ፣ ጀርባዋ የዛገ ቡናማ፣ ደረቷም ሰረዝ የሌለበት ነው፤ በጣራ ሥር ጎጆዋን ትሠራለች፣ ሰውንም አትፈራም። የመስቀል ወፍ ግን በበጋ ልብሱ ደረቱም ጀርባውም በጠቋቁር ሰረዝ የተሰነተረ ነው፤ መንቁሩ ወፍራምና ጠንካራ ነው፤ ከጣራ ይልቅ በሣርና በአጥር ጫፍ ላይ ማረፍ ይወዳል። ዋናው ምልክት ግን ቢጫ ወገቡ ነው፤ ጥቁሩን ሁሉ ቢያወልቅም፣ ወንዱ በትከሻውና በወገቡ ላይ ያለውን ቢጫ በጋውን ሁሉ ይዞት ይኖራል። በክንፉ ሸፍኖት ስለሚቀመጥ አይታይም፤ ተነሥቶ በበረረ ጊዜ ግን ለአንድ ቅጽበት ብልጭ ይላል። ባለ ብርቱካን ትከሻውም እንዲሁ የትከሻውን ቅላት አይተውም። ስለዚህ በጥር ወይም በየካቲት ከደረቀ ሣር መካከል አንድ ቡናማ ወፍ ተነሥቶ በወገቡ ላይ ቢጫ ያየ ሰው፣ የመስቀል ወፍን ያለ መስቀል አየ ማለት ነው። ለዚህ ዕይታ የሚያስፈልገው ማለዳ መነሣት፣ ፀሐይን ከኋላ ማድረግና ወፉ እስኪነሣ ድረስ ሳይንቀሳቀሱ መቆየት ነው፤ መነጽር ያለው ሰው ይበልጥ ይጠቀማል፣ የሌለውም አይከለከልም።

ይህን ሁሉ ስጽፍ የሚያሳስበኝ የወፉ ስም መጥፋት ሳይሆን የሜዳው መጥፋት ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ባሕር ዛፍ ለደጋው ሰው ማገዶና ቤት መሥሪያ በመሆን ትልቅ ውለታ ውሎለታል፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን ባሕር ዛፍ በጨፌ ዳርና በወንዝ አፋፍ ሲተከል ውሃውን ይመጥጠዋል፣ ከሥሩም ረጅም ሣር አይበቅልም። የእርሻ መሬት በጠበበ ቍጥር ጨፌው ይቦረቦራል፣ ይታረሳል፤ የወል ግጦሹ ይቈራረሳል፤ ከተማው ሲሰፋም የመጀመሪያው መሬት የሚገኘው ከዚሁ ነው። በቤተ ክርስቲያን ዐጸድ ያሉት ጽዱ፣ ወይራውና ዝግባው በአባቶቻችን ግዝት ተጠብቀው እስከ ዛሬ ቆመዋል፤ የደን ወፍም በእነሱ ጥላ ይኖራል። ለሣሩ ግን እንዲህ ያለ ግዝት አልወጣለትም። የመስቀል ወፍ ደግሞ የዛፍ ወፍ አይደለም፤ እንግጫ የሚነቀልበት ጨፌ ከጠፋ ልጃገረዶቹም ወፉም የሚወጡበት ስፍራ ያጣሉ።

ስለዚህ በደብረ ማርቆስና በአካባቢዋ ያላችሁ የከተማ አስተዳዳሪዎች፣ የአብያተ ክርስቲያናት አለቆች፣ የትምህርት ቤት ኃላፊዎች ሆይ፣ የምለምናችሁ ብዙ አይደለም። በመናፈሻው ጠርዝ፣ በዐጸዱ ዙሪያና በሜዳው ዳር ያለውን ረጅም ሣር፣ እርጥቡን ክፍል በተለይ፣ በበዓሉ ሰሞን አሳምረን እንየው ብላችሁ በማጭድ አታስጥሉት፤ ኅዳር ሚካኤል እስኪያልፍ ድረስ ተዉት፣ ከዚያ በኋላ እጨዱት። በዚያን ጊዜ ጫጩቶቹ ከጎጆ ወጥተው በርረዋል፤ ሣሩም ደርቆ ለከብቱ ድርቆሽ ይሆናል።